የአንጎል ልጓም፦ ሆርሞኖች የነርቭ ሕዋሳትን እንዴት ያረጋጋሉ? እንዴትስ ያውካሉ?

ወሊዱ በሰላም ተጠናቅቋል። ገንፎው ተገንፍቷል፤ እልልታው ተሰምቷል፤ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፣ ይወጣል። አራሷ ግን በሦስተኛው ቀን ምክንያቱን ራሷም በማታውቀው ነገር ታለቅሳለች። ሕፃኑ ሲተኛ እርሷ እንቅልፍ አይወስዳትም። ልቧ ይመታል፤ ትንሹ ድምፅ ያስደነግጣታል። አንዱ «ምች መቷት ነው» ይላል፤ ሌላው «ጥላ ወጊ ይሆናል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ልጅ ተሰጥቷት ታማርራለች» ብሎ በልቡ ይታዘባታል።

በእነዚያ ጥቂት ቀናት በእናቲቱ ደም ውስጥ የተከሰተውን ለውጥ ግን ዓይን አያየውም። ለዘጠኝ ወራት ሲጨምር የኖረ አንድ ሆርሞን እንግዴ ልጁ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ በፍጥነት ወርዷል። ይህ ሆርሞን ከማሕፀን ባሻገር በአንጎልም ውስጥ ሥራ ነበረው። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚለዋወጡትን የማረጋጊያ መልእክት ሲያጠነክር ቆይቷል። ድጋፉ በድንገት ሲነሳ አብዛኞቹ እናቶች በቀናት ውስጥ ይለምዱታል፤ አንዳንዶቹ ግን አይችሉም። ጉዳዩ የአራሶች ብቻ አይደለም። በወር አበባ ሰሞን የሚበረታ የሚጥል በሽታም፣ ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ከባድ የስሜት መታወክም፣ ውጥረት ያስከተለው እረፍት ማጣትም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው።

የሚገታው መልእክት

የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ሕዋሳቱ የሚነጋገሩት በአብዛኛው በኬሚካል መልእክተኞች ነው። መልእክቶቹም በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ቀስቃሽ ነው፤ ተቀባዩን ሕዋስ «ተነሣ፣ መልእክቱን አስተላልፍ» ይለዋል። ሁለተኛው ገቺ ነው፤ «ቆይ፣ እረፍ» ይለዋል። ፈረስ ያለ ልጓም እንደማይጋለብ ሁሉ አንጎልም ያለ ገቺው መልእክት መሥራት አይችልም። ቀስቃሹ ብቻውን ቢቀር አንድ ሕዋስ ሌላውን፣ ሌላውም ቀጣዩን እያስነሣ መላው አንጎል በአንድ ጊዜ ይናጣል። የሚጥል በሽታ ሲነሣ የሚታየው መንቀጥቀጥ የዚህ ዓይነቱ መናጥ ውጤት ነው።

በአንጎል ውስጥ ዋናው ገቺ መልእክተኛ «ጋባ» ተብሎ የሚታወቅ ትንሽ ኬሚካል ነው። ጋባ በአጥቢ እንስሳት አንጎል ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1950 ሲሆን፣ ከአግኚዎቹ አንዱ አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ዩጂን ሮበርትስ ነበሩ። ኬሚካሉ ምን እንደሚሠራ እስኪታወቅ ድረስ ግን ተጨማሪ ዓመታት አልፈዋል።

ጋባ ከአንዱ ሕዋስ ወጥቶ በሌላው ሕዋስ ገጽ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ዋነኛው ተቀባይ በአምስት የፕሮቲን ክፍሎች ዙሪያውን የተገጠመ፣ መካከሉ ክፍት የሆነ በር ነው። ጋባ ሲነካው በሩ ይከፈትና አሉታዊ ሙል ያላቸው የክሎራይድ ቅንጣቶች ወደ ሕዋሱ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ የሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ አሉታዊ ይሆናል፤ ቀስቃሽ መልእክት ቢመጣ እንኳ ሕዋሱ በቀላሉ አይነሣም።

አምስቱ ክፍሎች በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደሉም። በሁለት ሕዋሳት መገናኛ ላይ የሚገኙት ተቀባዮች ጋባ ሲለቀቅ ለቅጽበት ተከፍተው ይዘጋሉ። ከመገናኛው ውጭ የሚገኙት ሌሎች ተቀባዮች ደግሞ በሕዋሳት መካከል ተበትኖ በሚገኘው ጥቂት ጋባ ሳይቀር ይከፈታሉ፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ ለስለስ ያለ ግታት ይፈጥራሉ። የመጀመሪያው ልጓሙን ድንገት እንደ መሳብ ነው፤ ሁለተኛው ልጓሙን ሳያላሉ ይዞ እንደ መጓዝ ነው። ሆርሞኖች ይበልጥ የሚጫኑት በዚህ ሁለተኛው ላይ ነው።

አይጦችን ያስተኛው ሆርሞን

ሆርሞን በአንጎል ላይ ፈጣን ኃይል እንዳለው የጠቆመው የመጀመሪያው ምልክት የታየው እ.ኤ.አ በ1941 ነው። በኋላ በውጥረት ላይ ባደረጉት ጥናት ስማቸው የገነነው ሐንስ ሰልየ በካናዳ ሞንትሪያል ለአይጦች ብዙ መጠን ያለው ፕሮጄስትሮን ሲሰጡ እንስሳቱ ራሳቸውን ስተው ተኙ። ፕሮጄስትሮን በዚያን ጊዜ የሚታወቀው ማሕፀንን ለእርግዝና የሚያዘጋጅ ሆርሞን በመሆኑ ነበር። የእርግዝና ሆርሞን እንደ ማደንዘዣ መሥራቱ የማይጠበቅ ነበር።

ምሥጢሩ የተፈታው ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዎች ሁለት ነገሮችን አረጋገጡ። አንደኛ፣ ፕሮጄስትሮን በሰውነትና በአንጎል ውስጥ በሁለት ኢንዛይሞች አማካይነት «አሎፕሬግናኖሎን» ወደሚባል ሌላ ስቴሮይድ ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ይህ ውጤት በቀጥታ ከጋባ ተቀባይ ጋር ተጣብቆ በሩ ለረዘመ ጊዜ ክፍት እንዲቆይ ያደርጋል። አይጦቹን ያስተኛቸው እንግዲህ በዋናነት ፕሮጄስትሮን ራሱ ሳይሆን ልጁ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ኤትየን ኤሚል ቦልዩና ባልደረቦቻቸው አንጎል ራሱ ስቴሮይዶችን እንደሚሠራ አሳይተው ለእነዚህ ውሑዶች «ኒውሮስቴሮይድ» የሚል ስም ሰጡ። ስለዚህ አንጎል ከእንቁላል አምራች ዕጢዎችና ከኩላሊት ጫፍ ዕጢዎች የሚላክለትን ብቻ የሚጠብቅ አይደለም፤ ማረጋጊያውን በከፊል በራሱ ማዕድ ቤት ያዘጋጃል።

ፈጣኑና ዘገምተኛው መንገድ

ሆርሞኖች ገቺውን መልእክት የሚለውጡት በሁለት መንገድ ነው። ዘገምተኛው መንገድ አስቀድሞ የታወቀው ነው። ስቴሮይዱ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ከተቀባይ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ በሕዋሱ እምብርት ውስጥ የትኛው ዘረ መል እንደሚነበብ ይወስናል። በዚህም ሕዋሱ የሚሠራው የጋባ መጠንና የተቀባዮቹ ዓይነት በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይለወጣል። ፈጣኑ መንገድ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ነው፤ አሎፕሬግናኖሎን ዘረ መል ሳይነካ በቀጥታ በሩ ላይ ይሠራል፤ ውጤቱም ወዲያውኑ ይታያል።

ኢስትሮጅን በብዙ ሁኔታዎች በተቃራኒው አቅጣጫ ይጓዛል። ለማስታወስ ችሎታ ወሳኝ በሆነው የአንጎል ክፍል፣ በሂፖካምፐስ፣ ኢስትሮጅን ጋባን የሚያመርቱ ሕዋሳት ምርታቸውን ለጊዜው እንዲቀንሱ እንደሚያደርግ በላቦራቶሪ ታይቷል። ግታቱ ሲላላ ቀስቃሽ መልእክት የሚቀበሉት ጥቃቅን እሾህ መሰል ቅጥያዎች ይበዛሉ። እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ዉሊና ብሩስ ማክዩን የእነዚህ ቅጥያዎች ብዛት በሴት አይጦች የአራትና አምስት ቀን ዑደት ውስጥ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። ለአካለ መጠን የደረሰ አንጎል የማይለወጥ ቋሚ ሕንፃ ነው ለሚለው የቆየ አስተሳሰብ ይህ ግኝት ትልቅ ፈተና ነበር።

በደምሳሳው ሲታይ ኢስትሮጅን ልጓሙን ያላላል፤ ፕሮጄስትሮን በልጁ በአሎፕሬግናኖሎን በኩል ያጠብቃል። እውነታው ከዚህ የረቀቀ ቢሆንም ቀጥሎ የሚመጣውን ለመረዳት ይህ ሚዛን መነሻ ይሆናል።

ወርኃዊው ዑደትና የሚጥል በሽታ

የወር አበባ ዑደት ይህን ሚዛን በየወሩ ያወዛውዛል። እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ኢስትሮጅን ከፍ ይላል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ይጨምራል፤ አሎፕሬግናኖሎንም አብሮት ይጨምራል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሁለቱም የወር አበባ ሊመጣ ሲል ይወርዳሉ። ለአብዛኞቹ ሴቶች ይህ ውጣ ውረድ ቀላል የስሜት ለውጥ ካልሆነ በቀር ችግር አያመጣም። የሚጥል በሽታ ላለባት ሴት ግን የልጓሙ መላላት በሽታው እንዲነሣባት በቂ ሊሆን ይችላል።

ግንኙነቱን ሐኪሞች ካስተዋሉት ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ1857 እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ቻርለስ ሎኮክ በለንደን ሐኪሞች ጉባኤ ላይ፣ ከወር አበባ ጋር ተያይዞ የሚነሣ የሚጥል በሽታ ለነበረባቸው ሴቶች ፖታሲየም ብሮማይድ እንደሰጡና እንደረዳቸው ተናገሩ። ብሮማይድ ለሚጥል በሽታ በእርግጥ የሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ሎኮክ ስለ ሆርሞንም ስለ ጋባም የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ማመሳከሪያቸው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነበር።

ዛሬ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሴቶች አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ በሽታው የዑደቱን ቀናት ተከትሎ እንደሚበረታ ይገመታል። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም አንድሪው ሄርዞግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1997 ሦስት መልኮችን ለይተዋል፦ የወር አበባ በሚመጣበት ሰሞን የሚበረታ፣ እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን የሚበረታ፣ እንዲሁም እንቁላል በትክክል ባልወጣበት ዑደት በሁለተኛው አጋማሽ የሚበረታ። ሦስቱም ፕሮጄስትሮን ሲያንስ ወይም ኢስትሮጅን ሲበረታ የሚሆነውን ያሳያሉ።

ታዲያ ፕሮጄስትሮን በመስጠት ብቻ በሽታውን መግታት አይቻልም? ተሞክሯል። እ.ኤ.አ በ2012 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ ፕሮጄስትሮን ከማስመሰያ መድኃኒት በአጠቃላይ የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ሆኖም በሽታው በወር አበባ ሰሞን እጅግ የሚበረታባቸው ሴቶች ከሌሎቹ የተሻለ ጥቅም ማግኘታቸው ታይቷል። ንድፈ ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም ሁሉም ሕመምተኛ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ውጤቱ ያስተምራል።

እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ

በእርግዝና መጨረሻ ወራት እንግዴ ልጁ ከፍተኛ መጠን ያለው ፕሮጄስትሮን ያመርታል፤ የአሎፕሬግናኖሎን መጠንም በዚያው ልክ ያድጋል። አንጎል ይህን ሁሉ ማረጋጊያ ተቀብሎ ዝም ቢል እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ባንቀላፋች ነበር። እንዲህ የማይሆነው አንጎል የራሱን ማስተካከያ ስለሚያደርግ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጄሚ ማጓየርና ኢሽትቫን ሞዲ እ.ኤ.አ በ2008 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በነፍሰ ጡር አይጦች አንጎል ውስጥ ለኒውሮስቴሮይድ ይበልጥ ስሱ የሆኑት ተቀባዮች ቁጥር በእርግዝና ጊዜ እንደሚቀንስና ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ አሳይተዋል። ሆርሞኑ ሲበዛ ተቀባዩ ያንሳል፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ተቀባዩ ይበዛል። ሚዛኑ የሚጠበቀው እንዲህ ነው።

ተመራማሪዎቹ ቀጥለው ይህን ተቀባይ በትክክል መሥራት የማይችሉ አይጦችን ተመለከቱ። እነዚህ እናት አይጦች ከወለዱ በኋላ የድብርትና የጭንቀት ምልክት የሚመስል ጠባይ አሳዩ፤ ግልገሎቻቸውን ችላ አሉ፤ ብዙ ግልገሎችም ሞቱ። ተቀባዩን የሚያነቃቃ መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን እንክብካቤያቸው ተሻሻለ። አይጥ ሰው አይደለችም። ቢሆንም ግኝቱ አንድ ጥያቄ በግልጽ አስቀመጠ፦ ከወለዱ በኋላ በድብርት የሚወድቁ እናቶች ችግር ሆርሞኑ መውረዱ ሳይሆን አንጎላቸው ከመውረዱ እኩል መራመድ አለመቻሉ ይሆን?

ይህን አስተሳሰብ የሚደግፍ ሌላ ማስረጃ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከወር አበባ በፊት ከባድ የስሜት መታወክ የሚደርስባቸውን ሴቶች ከሌሎች ጋር አነጻጸሩ። የእንቁላል አምራች ዕጢዎቻቸው ሥራ በመድኃኒት ሲቆም የብዙዎቹ ሕመም ተሻለ፤ ሆርሞኖቹ በተለመደው መጠን ሲመለሱላቸው ሕመሙም ተመለሰ። ይህ ችግር የሌለባቸው ሴቶች ግን ተመሳሳይ ሆርሞን ቢሰጣቸውም ምንም አልሆኑም። የሆርሞኑ መጠን አንድ ነው፤ የተለየው የአንጎሉ ምላሽ ነው። በደም ምርመራ «ሆርሞንሽ ትክክል ነው» የተባለች ሴት ሕመሟ የውሸት ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከላቦራቶሪ ወደ መድኃኒት

ይህ ሁሉ ዕውቀት በመጨረሻ ወደ ሕክምና ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ በመጋቢት 2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለድኅረ ወሊድ ድብርት ተብሎ የተዘጋጀ የመጀመሪያውን መድኃኒት ፈቀደ። «ብሬክሳኖሎን» የተባለው ይህ መድኃኒት ከአሎፕሬግናኖሎን ጋር አንድ ነው፤ እናቲቱ ያጣችውን ራሱን መልሶ የሚሰጥ ነው። የተለመዱት የድብርት መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ሲፈጅባቸው፣ ይህኛው በቀናት ውስጥ ለውጥ ማሳየቱ የሐኪሞችን ትኩረት ስቧል። ይሁንና ለ60 ሰዓታት በጤና ተቋም ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ እንዳያመጣም የቅርብ ክትትል የሚፈልግ ነበር። ዋጋውም በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚተመን ነበር።

እ.ኤ.አ በነሐሴ 2023 ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ «ዙራኖሎን» የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ተፈቀደ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ማታ፣ ለ14 ቀናት ብቻ ይወሰዳል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ከወሰዱት በኋላ ለ12 ሰዓታት ያህል መኪና መንዳት አይፈቀድም። ሁለቱም ውድ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለብዙው ዓለም እናት ገና ሩቅ ናቸው። ነገር ግን ለድኅረ ወሊድ ድብርት ሕክምናው እነርሱ ብቻ አይደሉም። የምክር አገልግሎትና የቆዩት የድብርት መድኃኒቶች ብዙ እናቶችን ይረዳሉ።

በሕፃኑ አንጎል ውስጥ

ወሊድ ለሕፃኑም አንጎል ትልቅ መሸጋገሪያ ነው። በጽንስ አንጎል ውስጥ ጋባ የሚሠራው ከአዋቂ አንጎል በተቃራኒ ነው። የጽንሱ ሕዋሳት በውስጣቸው ብዙ ክሎራይድ ስላላቸው በሩ ሲከፈት ክሎራይዱ ከመግባት ይልቅ ይወጣል፤ ጋባም ገቺ መሆኑ ቀርቶ ቀስቃሽ ይሆናል። ይህ ለአንጎል እድገት ያስፈልጋል፤ በምጥ ሰዓት ግን ኦክስጅን ሊያጥር ስለሚችል የተቀሰቀሰ አንጎል ይጎዳል።

እ.ኤ.አ በ2006 በፈረንሳይ ማርሴይ የየሔዝቄል ቤን አሪ የምርምር ቡድን በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በምጥ ጊዜ ከእናቲቱ የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የግልገሎቹን ጋባ ለአጭር ጊዜ ወደ ገቺነት እንደሚለውጠው አሳይቷል። ማሕፀንን የሚያኮማትረው፣ ኋላም ወተት እንዲወርድ የሚያደርገው ሆርሞን ለሚወለደውም አንጎል «ለጥቂት ጊዜ ዕረፍ» የሚል መልእክት ያደርሳል ማለት ነው።

ውጥረት ሲበረታ

ውጥረትም በዚሁ በር ያልፋል። ድንጋጤ ሲያጋጥም ሰውነት ኮርቲሶልን ያመነጫል፤ በዚያው ቅጽበት የኒውሮስቴሮይዶችም መጠን ይጨምራል። ይህም ማንቂያው ከተደወለ በኋላ አንጎል ወደ እርጋታ እንዲመለስ ያግዛል። ነገር ግን ማንቂያውን የሚደውሉት የሃይፖታላመስ ሕዋሳት ራሳቸው የተገዙት በጋባ ነው። በካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ2009 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት፣ ውጥረት የደረሰባቸው እንስሳት በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ክሎራይድን ወደ ውጭ የሚያወጣው ፓምፕ እንደሚዳከም አሳይቷል። ፓምፑ ሲዳከም ጋባ የመግታት ኃይሉን ያጣል። ልጓሙ በእጅ አለ፤ ፈረሱ ግን አይሰማም። ለአራስ እናት እንቅልፍ፣ እርዳታና ሰላም የቅንጦት ጉዳይ ያልሆኑት በዚህም ምክንያት ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከነፍሰ ጡሮች 15.6 በመቶ፣ ከወለዱ እናቶች ደግሞ 19.8 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና እክል ይገጥማቸዋል፤ ዋነኛውም ድብርት ነው። ከአምስት አራሶች አንዷ ገደማ ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ ለቅሶና ሆደ ባሻነት የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ያልፋል። ከዚያ አልፎ የቆየ ኀዘን፣ ለሕፃኑ ምንም ስሜት ማጣት፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ አለመምጣት፣ የምግብ ፍላጎት መዘጋት፣ «እኔ ጥሩ እናት አይደለሁም» የሚል የማያቋርጥ ሐሳብ ከታየ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ራሷን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ካላት፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች ወይም ንግግሯ ከተዘበራረቀ ደግሞ ጉዳዩ ለነገ የሚያድር አይደለም፤ ብቻዋን ሳይተዋት በዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። የሚጸልይ ይጸልይ፣ ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ሕክምናው ግን አይቅር።

የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ደግሞ ሕመሙ የተነሣባትን ቀን ከወር አበባዋ ቀን ጋር በአንድ ወረቀት ብትመዘግብ ለሐኪሟ ትልቅ እርዳታ ታደርጋለች። የሦስት ወር መዝገብ ብዙ ይናገራል። እንደ ፊኖባርቢታል፣ ፊኒቶይንና ካርባማዜፒን ያሉ መድኃኒቶች የሚዋጡ እንክብሎችንና በክንድ የሚቀበሩ የወሊድ መከላከያዎችን ኃይል ስለሚቀንሱ፣ መከላከያ ስትመርጥ የምትወስደውን መድኃኒት ለባለሙያው መንገር አለባት። ማርገዝ የምታስብ ከሆነም አስቀድማ ትማከር፤ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ በተለይ ቫልፕሮኤት፣ ጽንስን ይጎዳሉ። በምንም ምክንያት ግን መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ የለባትም፤ ድንገተኛ ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

ሎኮክ በቀን መቁጠሪያ ብቻ የጠረጠሩት ነገር ዛሬ በር፣ ቁልፍና ስም አግኝቷል። በአራስ ቤት ለምትገኘው እናት ግን ከሁሉ የሚቀድመው አንድ ነገር ነው፦ ለቅሶዋ ስንፍናም ምስጋና ቢስነትም አለመሆኑን አጠገቧ ያለ ሰው ማወቁ።